ቢቀር ወተቱ ይቅር፣ ጡቱ ግን አይቅር
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 የዛሬው ርዕሳችን ምናልባት ከኢማም አፍ የምትጠብቁት ላይሆን ይችላል። የምናወራው ስለ አጥቢ እናት ማዕድ፣ ስለ ላም ወተትና ስለ ቅቤ ነው። ነገር ግን በዚህች ማዕድ ላይ የሕፃን አማና፣ የአባት ግዴታና የአያት ሐቅ አብረው ስለተቀመጡ እስከ መጨረሻው እንድትከታተሉኝ እጠይቃችኋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰዉ ሲበተን አንድ ወጣት አባት ወደ ኋላ ቀርቶ ጠበቀኝ። «ኡስታዝ፣ ልጅን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጡት ማስጣል ወንጀል አለው?» ሲል ጠየቀኝ። «ልጁ ስንት ጊዜው ነው?» አልኩት። «ሰባት ሳምንቱ» አለኝ።

ነገሩን ሲያብራራልኝ እንዲህ ነበር። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ይነጫነጫል። ጉንጩና ክርኑ ሽፍታ ለብሷል። ከሰሞኑ ደግሞ ሰገራው ላይ ዝልግልግ ነገርና ቀጫጭን የደም ክሮች መታየት ጀምረዋል። ጎረቤት «የእናቱ ወተት ተበላሽቷል፣ የጣሳ ወተት ይጀመርለት» ብሏል። አያት ደግሞ «የሰው ዓይን ነው» ብለዋል። እናቲቱ ወተቴ ልጄን መረዘብኝ ብላ ታለቅሳለች። አባት የጣሳ ወተት መግዣ ገንዘብ ተበድሮ በኪሱ ይዟል። ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ግን ወደ መስጂድ መጣ። አላህ ይህን ጥያቄውን ይቀበለው።

አንቀጹ ምን ያስተምረናል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ላይ ስለ ማጥባት የደነገገውን ብንመለከት መልእክቱ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ማጥባትን መሙላት ለፈለገ ሰው ጊዜው ሁለት ሙሉ ዓመት ነው። የአጥቢዋ ምግብና ልብስ በመልካም ሁኔታ በአባትየው ላይ ነው። እናት በልጇ ምክንያት አትጎዳም፤ አባትም እንዲሁ። ሁለቱ ተዋደውና ተመካክረው ከጊዜው በፊት ጡት ማስጣል ቢፈልጉ ወንጀል የለባቸውም።

ስለዚህ ለወጣቱ ጥያቄ መልሱ «በመዋደድና በመመካከር ከሆነ ወንጀል የለውም» የሚል ነው። ነገር ግን ምክክር ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናስተውል። የማያውቅ ሰው ከማያውቅ ሰው ጋር ቢመካከር ግምት ከግምት ጋር ተደመረ እንጂ ምክክር አይባልም። አላህ በሱረቱ ነሕል አንቀጽ 43 ላይ የማናውቀውን አዋቂዎችን እንድንጠይቅ አዞናል። የሕፃን ሰገራ ላይ ደም ሲታይ አዋቂው የሕፃናት ሐኪም ነው። «ገንዘቡን አቆየው፤ ጡቱንም አታስቁሙ። ነገ በጠዋት ልጁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ» አልኩት።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሐኪሙ ያስረዳቸውን እኔም በኋላ ጠይቄ የተረዳሁትን በቀላሉ ላቅርብላችሁ። እናት የላም ወተት ስትጠጣ በውስጡ ካሉት ፕሮቲኖች በጣም ጥቂት መጠን ወደ ደሟ፣ ከዚያም ወደ ጡቷ ወተት ያልፋል። ይህ አብዛኞቹን ሕፃናት ምንም አያደርጋቸውም። በጥቂቶች ላይ ግን የሰውነት መከላከያ ያንን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። የላም ወተት አለርጂ የሚባለው ይህ ነው።

እህቶቼ ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ። የተበላሸው የእናት ወተት አይደለም። ችግሩ በውስጡ ያለፈው የላም ወተት ርዝራዥ ነው። ታዲያ ጎረቤት የመከረው የጣሳ ዱቄት ከምን የተሠራ ነው? አብዛኛው የሕፃናት የዱቄት ወተት የሚሠራው ከዚያው ከላም ወተት ነው። ርዝራዡ የጎዳውን ልጅ ወደ ዋናው መውሰድ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። እርግጥ ፕሮቲኑ ተሰባብሮ ለእንዲህ ዓይነት ሕፃናት የሚዘጋጅ ልዩ ወተት አለ። እርሱ ግን ውድ ነው፣ በየሱቁም አይገኝም፣ በሐኪም ትእዛዝም ነው የሚሰጠው። የእናት ጡት እያለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም።

አለርጂው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ፈጣን ነው። ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳ ያብጣል፣ ከንፈርና ፊት ይነፋል፣ ልጁ ያስመልሳል፣ አንዳንዴም ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለተኛው ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ከሰዓታት እስከ ቀናት ቆይቶ በሰገራ ላይ ደምና ዝልግልግ፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት፣ የማይድን ችፌ፣ የክብደት አለመጨመር ሆኖ ይታያል። ጡት ብቻ በሚጠቡ ሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ሁለተኛው ነው።

ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ፊቱ ያበጠ፣ ገርጥቶ የዛለ፣ አረንጓዴ የሚያስመልስ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ብዙ ደም የሚያስቀምጥ ሕፃን ካያችሁ ግን ምክርም ሙከራም አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ለቅሶ ሁሉ አለርጂ አይደለም

እዚህ ላይ ሌላውን ጠርዝ እንዳንረሳ። ሰባት ሳምንት የሞላው ሕፃን ማልቀሱ ብቻውን በሽታ አይደለም። የሕፃናት ለቅሶ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይረግባል። ማቅረሽም የተለመደ ነው። ጡት ብቻ ከሚጠቡ መቶ ሕፃናት መካከል ይህ አለርጂ የሚገኝበት አንድ እንኳ አይሞላም።

አንዲት እህት አውቃለሁ። ልጇ አመሻሽ ላይ ስለሚያለቅስ ብቻ ሰዎች የነገሯትን ሁሉ ተወች። መጀመሪያ ወተት፣ ቀጥሎ እንቁላል፣ ከዚያ ምስር፣ ሥጋና ቲማቲም። ሦስት ወር ሙሉ ደረቅ እንጀራ በድንች ስትበላ ከርማ፣ ለሶላት ስትነሳ ዓይኗ መጨለም ሲጀምር ሐኪም ቤት ደረሰች። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ክብደቱም ጥሩ ነበር። ለቅሶውም በአራተኛው ወር በራሱ ጊዜ ቆመ። የተጎዳችው እናቲቱ ናት። አንቀጹ እናት በልጇ ምክንያት አትጎዳ ማለቱን አስታውሱ።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። «ላክቶስ» የሚባለው የወተት ስኳር ሌላ ነው፣ ፕሮቲኑ ሌላ ነው። ላክቶስን የእናት ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። እናት ወተት ብትጠጣም ባትጠጣም በጡቷ ውስጥ አለ። ስለዚህ «ላክቶስ የሌለው» ተብሎ የሚሸጠው ወተት ለዚህ ችግር አይጠቅምም፤ ፕሮቲኑ እንዳለ ነውና።

ሙከራው እንዴት ይደረጋል?

ሐኪም አለርጂ ነው ብሎ ሲጠረጥር እናቲቱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የወተት ተዋጽኦን በሙሉ እንድትተው ያደርጋል። ግማሽ መተው የለም። በየቀኑ የልጁን ሰገራ፣ ቆዳና እንቅልፍ በወረቀት ላይ መጻፍ ጥሩ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛው እርምጃ ነው። ልጁ ከተሻለው እናቲቱ ወተት መልሳ መጠጣት አለባት። «ተሽሎት እያለ ለምን?» ትሉ ይሆናል። ሕፃናት በራሳቸው ጊዜም ይሻላቸዋል። ወተት በመመለሱ ምልክቱ ከተመለሰ አለርጂ መሆኑ ይረጋገጣል፤ እንደገና ይቆማል። ካልተመለሰ ደግሞ እናቲቱ በከንቱ ለወራት ከወተት ከመራቅ ትድናለች። ፈጣኑን ዓይነት ያሳየ ልጅ ላይ ግን ይህ በቤት ውስጥ አይሞከርም።

ማጀቱ ውስጥ የሆነው

አሁን ወደ ወጣቱ ቤት እንመለስ። እናቲቱ ወተት ተወች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት አለፈ። ደሙ አልቆመም። ሐኪሙ የምትበላውን አንድ በአንድ ሲጠይቃት ሽሮ፣ ገንፎ፣ አጥሚት አለች። ቤት ተመልሰው ሲጣራ አያት በየሽሮው ድስት ትንሽ ንጥር ቅቤ ጠብ ያደርጉ ነበር። ገንፎውንም እንዲሁ በስሱ ያለሰልሱት ነበር።

አባትየው ተቆጥቶ ወደ እኔ መጣ። እኔም ቤታቸው ሄድኩ። «እማማ፣ ምነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቅቤ ያልቀመሰች አራስ ወገቧ አይጠናም፣ ወተቷም ይደርቃል። እኛ ስንት ወልደን በቅቤ ነው የተነሳነው። ስትከሳብኝ ማየት አልቻልኩም» አሉኝና አለቀሱ።

አድማጮቼ ሆይ፣ ይህች እናት በደለኛ አይደሉም። ያደረጉት በራሕመት ነው። እኔም እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ ቅቤ መጥፎ ነው ያለ የለም። ግን ወተት የሚመጣው ከቅቤ አይደለም። ልጁ ደጋግሞ ሲጠባ፣ እናቱም ጠግባ ስትበላና ስትጠጣ ነው የሚመጣው። ይህ ሕፃን ለጥቂት ጊዜ አማና ተብሎ ተሰጥቶዎታል። ማጀቱን የሚጠብቅለት ከእርስዎ በላይ ማን አለ?» ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ተነስተው የቅቤውን ቅል ከመደርደሪያ አውርደው ለልጃቸው ሰጡት። «ውሰድልኝ፤ እጄ ለምዶ እንዳያሳስተኝ» አሉት።

በማግሥቱ አዲስ ድስት ተገዛ። ከዚያ ወዲያ ጥበቃው የአያት ሆነ። እንግዳ ይዞት የመጣውን ብስኩት እንኳ «ወተት አለበት ወይ?» ሳይሉ አያሳልፉም ነበር። አሥር ቀን ገደማ ሲሆን ደሙ ቆመ። ሽፍታው ዘግይቶ ጠፋ። በአራተኛው ሳምንት በሐኪሙ ምክር እናቲቱ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣች። በሦስተኛው ቀን የደም ክሩ ተመለሰ። ያኔ ጥርጣሬው እውቀት ሆነ።

ምን ይቀራል? ምን ይበላል?

የሚቀሩት ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ አሬራ፣ አጓት፣ ቅቤና ክሬም ናቸው። ንጥር ቅቤ ሲነጠር አብዛኛው ፕሮቲን ይወጣል፤ ርዝራዡ ግን ስለሚቀር በሙከራው ጊዜ እርሱም ይቀራል። ቡና በወተት፣ ሻይ በወተት፣ ጨጨብሳ፣ ክትፎ፣ አተካና፣ ኬክና ቸኮሌት ሁሉ ይታያሉ። በታሸገ ምግብ ላይ «ሚልክ»፣ «ዌይ» ወይም «ኬዚን» የሚል ጽሑፍ ካለ ወተት አለበት ማለት ነው።

«የፍየል ወተትስ?» ለሚል፣ የፍየልና የበግ ወተት ፕሮቲን ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል መፍትሔ አይሆንም። የግመል ወተት ፕሮቲን ከላሙ ይራራቃል። ቢሆንም እናት ከሐኪም ጋር ሳትመካከር አትጀምረው። ማንኛውንም ወተት ሳይፈላ መጠጣት ደግሞ ለሌላ በሽታ ያጋልጣል። ለሕፃኑ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት በቀር የማንም እንስሳ ወተት አይሰጠውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ የሚመክረውም ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ እንዲጠባ ነው። በአንዳንድ ቤቶች አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ የማስዋጥ ልማድ አለ። ይህ ከተህኒክ ጋር አይገናኝም፤ ሱናው ተምር ነው እንጂ ቅቤ አይደለም። ቆዳው የተቆጣን ሕፃንም ቅቤ አትቀቡት።

እናቲቱ ምን ትብላ? እዚህ ላይ አገራችን የታደለች ናት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በጾማቸው ወራት የሚሠሩት ወጥ ወተትም ቅቤም የለበትም። የዚያች ቤት ጎረቤት የሆኑ አንዲት ክርስቲያን እናት ሽሮን በዘይት አጣፍጦ መሥራትን፣ ተልባና ሱፍ ፍትፍትን አሳይተዋታል። አላህ ይስጣቸው። አባትየውም ምግብ ቤት ሲገባ «የጾም አለ?» ብሎ መጠየቅ ለመደ። «የጾም» የተባለ የታሸገ ብስኩት ሁሉ ግን ከወተት የጸዳ ነው ማለት ስላልሆነ ጽሑፉን አንብቡ።

የምታጠባ እናት በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ወተት ሲቀር በቦታው ሌላ መግባት አለበት። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ፣ አቮካዶ ይቅረብላት። እነዚህ ሐኪም ካላዘዘ አይተዉም። ካልሲየም በቀን 1000 ሚሊ ግራም ገደማ ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ይሰጥ ነበር። በምትኩ የጤፍ እንጀራ፣ ጎመን፣ ሰሊጥና ባቄላ ይረዳሉ። ከምግብ ብቻ ላይሞላ ስለሚችል ሐኪሙ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እንክብል ሊያዝላት ይችላል።

እዚህ ላይ ለአባቶች አንድ ቃል አለኝ። አንቀጹ የአጥቢዋን ምግብ በአንተ ላይ ነው ያደረገው። «ወተት ተዪ» ብለህ ቅቤውን ከማጀት አውጥተህ እንቁላሉን ካላስገባህ ሕክምናውን አላገዝክም። ለጣሳ ወተት ልታወጣው የነበረውን ገንዘብ ለሚስትህ ማዕድ አውጣው።

የሚነሱ ጥያቄዎች

«አላህ ሐላል ያደረገውን ወተት መተው እርም ማድረግ አይሆንም?» የሚሉ አሉ። በሱረቱ ነሕል አንቀጽ 66 ወተት ከአላህ ጸጋዎች መካከል ተወስቷል። በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 87 ደግሞ መልካም ነገሮችን እርም ከማድረግ ተከልክለናል። ነገር ግን እርም ማድረግ ሐላሉን ሐራም ነው ብሎ ማመን ወይም መደንገግ ነው። ለሕክምና ብሎ ለጊዜው መተው ሌላ ነገር ነው።

«የሰው ዓይን ቢሆንስ?» ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓይን እውነት መሆኑን ነግረውናል፤ ሩቅያም አለ። መድኃኒት እንድንፈልግም አዘዋል። አያት ቁርኣን ይቅሩበት፣ አባት ወደ ሐኪም ይውሰደው። አንዱ የሌላውን በር አይዘጋም።

«ሌላ ሴት ብታጠባልንስ?» ማጥባቷ ይፈቀዳል፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በሐሊማ ጡት አድገዋል። ነገር ግን ያቺም ሴት ወተት የምትጠጣ ከሆነ ያው ፕሮቲን በጡቷ አለ። በዚያ ላይ የጥቢ ዝምድና ይመሠረታል። በሻፍዒዮች ዘንድ አምስት ጊዜ በማጥባት፣ በሐነፊዮች ዘንድ በጥቂቱም ቢሆን ጋብቻ እርም ይሆናል። ስለዚህ ካስጠባችሁ ጻፉት፣ አስመስክሩበት።

«ረመዳን ቢገባስ?» ለራሷ ወይም ለልጇ የምትፈራ አጥቢ እናት እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። እንዴት እንደምትክስ መዝሀቦች ስለሚለያዩ አካባቢያችሁ ያሉትን ዑለማእ ጠይቁ።

መጨረሻው

ይህ ችግር ለዘላለም አይደለም። ዘግይቶ የሚመጣው ዓይነት ብዙዎቹን ሕፃናት አንድ ዓመት ሲሞላቸው ወይም ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ይተዋቸዋል። ፈጣኑ ሊረዝም ይችላል። ልጁ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ሲሆነው፣ ቢያንስ ስድስት ወር ከወተት ከራቀ በኋላ፣ ሐኪሙ በጥቂት በጥቂቱ ያስሞክረዋል። መጀመሪያ ወተት ገብቶበት በደንብ የተጋገረ ነገር፣ ቀስ በቀስ አይብና እርጎ፣ በመጨረሻ ወተት።

የዚያ ወጣት ልጅም እንዲሁ ሆነ። ሁለት ዓመቱን ሞልቶ ጡት ተወ። ዛሬ በመስጂዳችን ግቢ ከሚሯሯጡት ልጆች አንዱ ነው። ጡት በጣለ ሰሞን አያቱ አንድ ብርጭቆ እርጎ ሲያጠጡት አግኝቻቸው «እማማ፣ ቅሉ ተመለሰ?» ብላቸው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ተመለሰ፤ ያኔ ባልሰጥ ኖሮ ዛሬ ይህን አላይም ነበር» አሉኝ።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ልጃችሁ ሲታመም ቶሎ ብላችሁ በጡታችሁ ላይ አትፍረዱ። መርምሩ፣ ጠይቁ፣ ሞክሩ፣ አረጋግጡ። መቅረት ያለበት ነገር ካለ ወተቱ ይቅር፣ ያውም ለጊዜው። ጡቱ ግን አይቅር።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። የሚያጠቡ እናቶቻችንን ጉልበት ያጠንክርልን። የታመሙትን ይማርልን። አሚን።